ከውሻ ጋር በአርቪ ወደ በረሃ፦ የትኛው ቦታ፣ የትኛው አዳር ይሻላል?

ውሻችሁን በአርቪ፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና፣ ይዛችሁ ወደ አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ከቦታው ፎቶ በፊት የውሻ ደንቡን እዩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ስሙን የሰማውን ፓርክ ይመርጣል፣ ቦታ ያስይዛል፣ አምስት ስድስት ሰዓት ነድቶ ይደርሳል። ውሻው ከመኪና መንገድ ውጪ እግሩን ማንሳት እንደማይችል የሚያውቀው በር ላይ የተሰጠውን ወረቀት ሲያነብ ነው። ከዚያ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ሊያይ ይሄዳል፣ ግማሹ ውሻ ይጠብቃል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ውሻ ካለ ታዋቂዎቹ ናሽናል ፓርኮች ሁለተኛ ምርጫ ናቸው። ስማቸው ብዙም የማይነሳው ቦታዎች፣ የስቴት ፓርኮችና ቢኤልኤም (የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ) የሚያስተዳድራቸው ክፍት የመንግሥት መሬቶች፣ ለውሻም ለባለቤቱም የተሻለ ጊዜ ይሰጣሉ። ላስ ቬጋስ፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ፊኒክስ ለምትኖሩ ደግሞ እነዚህ ቦታዎች ደጃችሁ ላይ ናቸው። አይ-15ንና አይ-40ን የሚባሉትን አውራ ጎዳናዎች በጭነት መኪና የምትመላለሱ ወገኖች ምልክቶቻቸውን በየጊዜው ታልፏቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

በዚህ ላይ ድርድር የለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የዴዝ ቫሊ በረሃ እምብርት፣ ፈርነስ ክሪክ፣ ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው ሙቀት 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በፋረንሃይት 134። እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተይዟል። ቤከር ከተማ ስትደርሱ የምታዩት ግዙፍ ቴርሞሜትር ቁመቱ 134 ጫማ የሆነው ለዚሁ መታሰቢያ ነው። ያ አንድ ቀን ነው ትሉ ይሆናል። ግን በጁላይ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 47 ዲግሪ ገደማ ነው። በጃንዋሪ እዚያው ቦታ ቀን 19፣ ሌሊት 4 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ውሻ ደግሞ እንደኛ አያልበውም። ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ማለክለክም በቅጡ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ ነው ጊዜያችሁ። ኦክቶበርና ኤፕሪል እንደ ዓመቱ ነው። ሰመር ላይ ግን ውሻ ይዞ ወደ ዝቅተኛ በረሃ መሄድ ውሻውን መጉዳት ነው፤ ስለዚህ ለሰመር ምንም አማራጭ አላቀርብም።

ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው የካምፕ ቦታዎች ይጨናነቃሉ። እነሱ ወደ ሥራ ሲመለሱ ቀለል ይላል። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ላይ መዋሉ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅመናል።

ዴዝ ቫሊ ወይስ ሞሃቪ?

ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልየው።

ዴዝ ቫሊ ናሽናል ፓርክ ውስጥ ውሻ መሄድ የሚችለው መኪና መሄድ በሚችልበት ብቻ ነው። አስፋልትም ይሁን ኮረኮንች መንገድ፣ የካምፕ ቦታ፣ የሽርሽር ቦታ። የእግር መንገዶቹ ሁሉ ክልክል ናቸው። ከባሕር ጠለል 86 ሜትር ዝቅ ያለው የባድዋተር ጨው ሜዳ ላይ ውሻ ይዞ መግባት አይቻልም። የሜስኪት አሸዋ ክምሮች ላይም እንዲሁ። ሰው ዴዝ ቫሊ የሚሄደው ደግሞ እነዚህን ለማየት ነው። ውሻው ከሚያገኘው ሁሉ የሚሻለው በጠዋት በኮረኮንች መንገድ ላይ መንሸራሸር ነው፤ መኪና ስለማይበዛ እሱም አይከፋም።

ሁለት ነገር ያካክሰዋል። አንደኛው ፈርነስ ክሪክ ካምፕ ውስጥ ሙሉ ሁክአፕ፣ ማለትም መብራት፣ ውሃና የፍሳሽ መስመር ያላቸው 18 ቦታዎች መኖራቸው ነው። በጥሩው ወቅት ቶሎ ስለሚያዙ ቀድማችሁ ካላስያዛችሁ አታገኟቸውም። ሁለተኛው ቅርበቱ ነው፤ ከላስ ቬጋስ ሁለት ሰዓት አካባቢ ብቻ ይወስዳል። የመኪናችሁን ርዝመት ግን እወቁ። አርቲስትስ ድራይቭ የሚባለው ባለ ቀለም ተራሮች መንገድ ከ25 ጫማ በላይ የሆነ መኪና አያስገባም።

ሞሃቪ ናሽናል ፕሪዘርቭ ሌላ ነገር ነው። የሚተዳደረው በዚያው በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው። የተቋቋመውም ዴዝ ቫሊና ጆሹዋ ትሪ ናሽናል ፓርክ በሆኑበት በዚያው በ1994ቱ ሕግ ነው። ነገር ግን እዚህ ውሻ ገመዱ እስከታሰረ ድረስ የእግር መንገዶች ላይ ይሄዳል። ኬልሶ የአሸዋ ክምር፣ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋው፣ ከውሻ ጋር ይወጣል። ከአናቱ ላይ አሸዋው ሲንሸራተት ወፍራም የማጉረምረም ድምፅ ያሰማል። የኔ ቡቺ ድምፁን ሲሰማ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ መሬቱን ማሽተት ይጀምራል፤ ለእሱ እንደዚያ ያለ ቦታ የለም።

ሆል ኢን ዘ ዎል የሚባለው ካምፕ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከዴዝ ቫሊ ይቀዘቅዛል። በዊንተር ሌሊቱን ከዜሮ በታች ይወርዳል። አጠገቡ ያለው ሪንግስ ትሬይል ቆንጆ ነው፤ ግን አንዱ ጫፍ ላይ ድንጋዩ ላይ የተተከሉ የብረት ቀለበቶችን ይዞ መውጣትና መውረድ አለ። ውሻ ያንን አይችልም፤ እዚያ ስትደርሱ በመጣችሁበት ተመለሱ። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ሞሃቪ ውስጥ በወቅቱ አደን ይፈቀዳል። በፎል (በመከር ወራት) ከሄዳችሁ ለውሻው ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ አልብሱት።

የሞሃቪ ጉድለቱ አገልግሎት አለመኖሩ ነው። ሁክአፕ የለም፣ ነዳጅ ማደያ የለም፣ ስልክ በአብዛኛው አይሠራም። ሙሉ ታንክ ይዞ መግባት ግድ ነው። ይህን ከቻላችሁ ግን ከሁለቱ ያለ ጥርጥር ሞሃቪን ምረጡ።

ሌሎቹስ?

ቫሊ ኦፍ ፋየር የኔቫዳ የመጀመሪያው ስቴት ፓርክ ነው። ከላስ ቬጋስ አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከ2,000 ዓመት በላይ የቆዩ የድንጋይ ላይ ሥዕሎች፣ መብራትና ውሃ ያላቸው የአርቪ ቦታዎች አሉት። ውሻ በገመድ ታስሮ የእግር መንገዶቹ ላይ ይፈቀድለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ነገር ካልተመቻችሁ በአንድ ሰዓት ላስ ቬጋስ ናችሁ። የዱር በጎች በብዛት ይታያሉና ገመዱን እጃችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ያዙ። ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ብዙዎቹ መንገዶች በሙቀት ምክንያት ይዘጋሉ።

ጆሹዋ ትሪ ለሎስ አንጀለስ ሰው ቅርብ ነው። ያም ሆኖ ከውሻ ጋር ከባድ ነው። ውሻ ከመንገድ ወይም ከካምፕ ቦታ ከ100 ጫማ በላይ መራቅ አይችልም። ካምፖቹ ሁክአፕ የላቸውም። ጄኔሬተር ማስነሳት የሚፈቀደውም ጠዋት ከ7 እስከ 9፣ ቀን ከ12 እስከ 2፣ ማታ ከ5 እስከ 7 ብቻ ነው።

ከሳን ዲዬጎ ወገን የምትመጡ አንዛ ቦሬጎን እዩት። የካሊፎርኒያ ትልቁ ስቴት ፓርክ ነው። እዚህም የእግር መንገዶቹ ለውሻ ክልክል ናቸው። ልዩነቱ የኮረኮንች መንገዱ ነው። 500 ማይል ያህል ስላለው ውሻችሁን ይዛችሁ ለቀናት ብትሄዱ አያልቅም። በብዙ ቦታ ከመንገድ ዳር ወጣ ብሎ በነፃ ማደር ይቻላል። ቦሬጎ ፓልም ካንየን ካምፕ ደግሞ ሙሉ ሁክአፕ ያላቸው ቦታዎች አሉት። ማታ ማታ ውሻው መኪና ውስጥ ወይም ድንኳን ውስጥ እንዲሆን ደንቡ ያዛል፤ ቀበሮ መሰሉ ኮዮቴ ስላለ ደንቡ ባይኖርም ማድረግ ያለባችሁ ነው።

ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና፣ በአይ-10 ላይ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የላ ፖሳ መሬት በቢኤልኤም ሥር ነው። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለረጅም ጊዜ መቆየት ይቻላል። ለረጅም ዓመታት ክፍያው ለወቅቱ ሙሉ 180 ዶላር፣ ለ14 ቀን 40 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ከነውሾቻቸው እዚህ ይከርማሉ። መሬቱ ሜዳና ጠጠራማ ነው፣ ለዓይን ብዙም አይማርክም። ውሻችሁ ግን እንደ ልብ ይሄዳል፣ ጎረቤቶቻችሁም ውሻ ወዳድ ናቸው። ጃንዋሪ ላይ ትልቁ የአርቪ ባዛር ስላለ ከተማዋ ትሞላለች። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ያንን ወር ዝለሉ።

ኒው ሜክሲኮ ላይ ያለው ዋይት ሳንድስ ከናሽናል ፓርኮች መሀል የተለየ ነው። ዲሴምበር 2019 ላይ ነው ናሽናል ፓርክ የሆነው። ነጩ አሸዋ ጂፕሰም (ጀሶ) ስለሆነ እንደ ሌላው አሸዋ አይግልም፤ ውሻም በገመድ በየመንገዱ ይፈቀዳል። አርቪ ይዞ ውስጡ ማደር ግን አይቻልም። አላሞጎርዶ ከተማ አድራችሁ ጠዋት ትገባላችሁ። አጠገቡ ያለው የሚሳኤል መሞከሪያ ሥራ ላይ ሲሆን መንገዱ ለሰዓታት ሊዘጋ ስለሚችል ከአንድ ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ።

በመስመር ማደር ወይስ ያለ መስመር?

ከካምፑ መብራት ጋር ተገናኝቶ ማደር ወይስ ያለ እሱ? ከቦታው እኩል የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ምክንያቱም እዚህ ላይ የተሳሳተ ግምት ውሻ ይገድላል።

የአርቪ ጣሪያ ላይ ያለው የተለመደው ኤሲ 13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ነው። ሲሠራ 1,500 ዋት ገደማ ይበላል። 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ጥሩ ሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አስሉት፤ አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ሻጩ “ሶላር አለው” ሲላችሁ ሶላሩ መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑንና ፍሪጁን ሊያሠራ ይችላል፤ ኤሲውን ቀኑን ሙሉ እንዲያሠራ ግን ከብዙ ባትሪና ከሰፊ ፓነል ጋር የተሠራ መሆን አለበት። ተራው የኪራይ አርቪ እንደዚያ አይደለም።

ያለ መስመር የምታድሩ ከሆነ እንግዲህ የቀረው ጄኔሬተር ነው፣ እሱ ደግሞ በብዙ ካምፕ የሰዓት ገደብ አለበት። ስለዚህ ያለ መስመር የሚሄድ ሰው ኤሲ የማያስፈልግበትን ወር ይምረጥ። የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ቀን ከ24 ዲግሪ በላይ የሚሆን ከሆነ በመስመር፣ ከዚያ በታች ከሆነ እንደፈለጋችሁ።

በመስመር ማደርም ቢሆን አያዘናጋ። ካምፕ ውስጥ ያለው የመብራት ሳጥን ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል፣ በተለይ ሁሉም ሰው ኤሲ ሲከፍት። ኤሲው ከጠፋ የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚግለው። በስልክ የሚያስጠነቅቅ የሙቀት መቆጣጠሪያ ይሸጣል፣ ግዙት። ግን የስልክ ኔትወርክ በሌለበት አያስጠነቅቅም። “ኤሲው በርቶለታል” ብላችሁ ውሻውን ዘግታችሁ ለግማሽ ቀን አትሂዱ።

ሌሊቱስ? እዚያ ጠላታችን ብርድ ነው። የጋዝ ማሞቂያው ፋን ከባትሪ ስለሚሠራ ባትሪው እስኪነጋ መድረሱን ቤት እያላችሁ ሞክሩት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውም መሥራቱን እዩ።

ስለ መኪናው ዓይነት ብዙ አልልም። ቫን የሚመስለው ትንሹ ለኮረኮንች መንገድ ይመቻል፣ ለትልቅ ውሻ ግን ይጠባል። ትልቁ አውቶቡስ መሰሉ ይመቻል፣ ግን ብዙ ቦታ አይገባም። ከ25 ጫማ የማይበልጥ መሀከለኛ ሞተርሆም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ተሳቢ ካላችሁ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ካምፕ ላይ አቁማችሁት ውሻውን በመኪናው ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ስታሽከረክሩ ግን ውሻው ተሳቢው ውስጥ እንዳይሆን።

ውሃና ምግብ

“ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” የሚባለው ለበረሃ ውሃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር። ለውሻ በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ተብሎ ይታሰባል፤ 25 ኪሎ ለሆነ ውሻ አንድ ሊትር ተኩል ማለት ነው። በረሃ ላይ ከእጥፍ በላይ ያዙ። ከታንኩ ሌላ በጀሪካን ተጨማሪ ውሃ ይኑር፤ ታንኩ ቢፈስ ሁሉም አብሮ እንዳይሄድ።

አሁን ለኛ ቤት በተለይ የሚመለከት ነገር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ የደሙን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ወጥ ያለ ሽንኩርት የለም። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ፣ የሽሮ ትራፊ፣ የጥብስ መረቅ ለውሻ አይሰጥም። ሽንኩርቱ መብሰሉ አያድነውም። የዶሮ ወጡ አጥንትም ተቀቅሎ ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል። ካምፕ ላይ ሁሉም ሰው እጁን እየዘረጋ ያጎርሰዋል፣ ማን ምን እንደሰጠ አይታወቅም። ለእንግዶቻችሁ ሳታፍሩ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሩዝና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ለብቻ ያዙለት፤ ማጉረስ የሚፈልግ ከዚያ ያጉርሰው።

እሾህ፣ እባብና መዳፍ

ቾላ የምትባለውን ቁልቋል ሳትለዩ በረሃ አትግቡ። ከሩቅ ፀሐይ ሲያርፍባት ለስላሳ ፀጉር የለበሰች ትመስላለች። ቁራጮቿ እየረገፉ መሬት ላይ ይበተናሉ፣ የነካቸው ላይ ይጣበቃሉ። የእሾኳ ጫፍ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን ምላጮች ስላሉት ሲወጣ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ውሻ መዳፉን ስትወጋው በጥርሱ ሊነቅላት ይሞክራል፤ ያኔ ከንፈሩና ምላሱ ላይ ትሰካለች። ስለዚህ መጀመሪያ አፉን ያዙ። ቀጥሎ ማበጠሪያ በቁራጩና በቆዳው መካከል አስገብታችሁ በአንድ ጊዜ ወደ ውጪ ፈንጥሯት፣ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ። የቀሩትን እሾኮች በፒንሳ አንድ በአንድ ንቀሉ። በባዶ እጅ አትንኩ። ማበጠሪያና ፒንሳ ኪሳችሁ ውስጥ እንጂ መኪና ውስጥ አይቀመጥም።

መሬቱን ሁልጊዜ በእጃችሁ ጀርባ ፈትሹ። ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ ለውሻውም ይፋጃል። አየሩ 25 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ፀሐይ የመታው አስፋልት ከ50 ሊያልፍ ይችላል።

ራትልስኔክ የሚባለው ጭራውን የሚያንሿሿው እባብ በብርዱ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ ነው የሚቆየው። ፀደይ ሲገባ፣ አበባው በሚፈነዳበት ማርችና ኤፕሪል፣ ይወጣል። ውሻው ከተነደፈ የተነደፈበትን አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ በጨርቅ ወይም በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ተሸክማችሁት ወደ መኪና፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ደቡብ አሪዞና ከሄዳችሁ ቫሊ ፊቨር የሚባል በሽታ አለ። አፈር ውስጥ ካለ ፈንገስ ነው የሚመጣው፣ ውሻ አፈር ሲቆፍርና ሲያሸት ይተነፍሰዋል። ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፦ ሳል፣ መክሳት፣ ማነከስ። ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ይህን ካያችሁ ለሐኪሙ “አሪዞና በረሃ ነበርን” ብላችሁ ንገሩት።

እኔ የምመርጠው

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ልጆች ካሉ፣ ወይም ውሻው ያረጀ ወይም አፍንጫው የተደፈጠጠ ከሆነ፦ ቫሊ ኦፍ ፋየር፣ መብራት ያለው ቦታ፣ ጃንዋሪ ላይ። ልምድ ካላችሁና ውሻው ጠንካራ ተጓዥ ከሆነ፦ ሞሃቪ፣ ኖቬምበር ወይም ፌብሩዋሪ። ሳምንታት መክረም ለሚፈልግ ኳርትዝሳይት። ዴዝ ቫሊን የግድ ማየት ካለባችሁ ሁለት ሌሊት ይበቃል፤ ጨው ሜዳውን በየተራ ግቡ። ጆሹዋ ትሪን ደግሞ ውሻው ዘመድ ቤት በሚቆይበት ሳምንት ሂዱበት።

የትም ብትሄዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን ያዙ። በአቅራቢያው ያለ የእንስሳት ሐኪም ስልክና አድራሻም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ በረሃው ውስጥ ኢንተርኔት ፈልጋችሁ አታገኙም። ለምሳሌ ከፈርነስ ክሪክ ፓራምፕ የምትባለው ከተማ አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ውሻው በሙቀት ከተመታ፣ ማለትም ከመጠን በላይ ካለከለከ፣ ከተንገዳገደ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ያንን መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ሙሉ ሰውነቱን ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ከዚያ ኤሲውን ወደ እሱ አዙራችሁ ንዱ።